«ቆራጮች» ብዬ የጻፍኳቸው ሰዎች

በዓሣ ሀብት ባለሙያነት በሠራሁባቸው ዓመታት እስካሁን የሚቆረቁረኝ አንድ ሪፖርት አለ። የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ሰኔ ነበር። ባሕር ዳር አካባቢ፣ ጣና ዳር፣ አንድ ጥግ ላይ ያለው ደንገል እየሳሳ መምጣቱን ሰማንና ሄደን አየነው። በየቦታው በማጭድ የተቆረጠ ጉቶ ይታያል። ቢሮ ተመልሼ «ቆራጮች እየጨረሱት ነው» ብዬ ጻፍኩ። ብዙም ሳይቆይ ቦታው ተከለለ። መቁረጥ ክልክል ነው የሚል ሰሌዳ ተተከለ።

የቸኮልኩት ያለ ምክንያት አልነበረም። የቀረሶ ዓሣ ጫጩት የሚያድገው እንደዚህ ባለ ጥልቀት በሌለው፣ ተክል በሸፈነው ዳርቻ ነው። ትልቅ ዓሣና ወፍ እንዳይበላው ደንገሉ ሥር ይሸሸጋል። እዚያች ጥግ ትንሿን መረባችንን ስንጥል ጣት የማታክል ቀረሶ ታፍሳለች። ስለ ነጭ ዓሣውማ ባወራ አልጨርስም። ጣና ውስጥ 17 ዓይነት አለ፤ አብዛኞቹ በዓለም ላይ ሌላ የትም አይገኙም። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ወንዝ ስለለያቸው እዚሁ ተነጥለው ኖረው የየራሳቸውን መልክ ይዘዋል። አንዱ አፉ ሰፍቶ ዓሣ ያድናል፤ ሌላው ከጭቃው ይለቅማል። ይህ ሁሉ በእኛ ዘመን እንዳይጠፋ እፈራ ነበር። አሁንም እፈራለሁ።

ደንገሉን የሚቆርጡት የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው። ታንኳ ይሠሩበታል። የደንገል ታንኳ ውኃ ስለሚጠጣ ከጥቂት ወራት በላይ አያገለግልም፤ ስለዚህ ደንገል ሁልጊዜ ያስፈልጋቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1969 ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል አትላንቲክን ለማቋረጥ የተነሳባት «ራ» የተሠራችው ከጣና በሄደ ደንገል ነው። ይህን ስናወራ ደስ ይለናል። ታንኳውን እየሠሩ እዚሁ አጠገባችን የኖሩትን ሰዎች ግን ስንንቃቸው ኖርን። እኔም ያንን ሪፖርት ስጽፍ ከእነሱ አንድ ሰው እንኳ አልጠየቅሁም።

ክረምቱን ጉማራ ወንዝ ላይ አሳለፍኩ። ነጭ ዓሣው ለመራባት ከሐይቁ ወደ ወንዞቹ የሚወጣው ያኔ ነው፤ በመንገዱ ላይ መረብ የሚዘረጋበትም ያኔ ነው። እዚያ ስንሯሯጥ ያቺን ጥግ ረሳኋት።

በጥር ተመለስኩ። ሰሌዳው ቆሟል። ደንገሉ ግን የለም።

ሐይቁ ሲሸሽ መሬቱ ታርሶ ሽምብራ ተዘርቶበታል። የደንገሉ ሥር ተነቅሎ ዳር ላይ ተከምሮ ተቃጥሏል። ትንሿን መረብ ጣልን። ጭቃ ብቻ ይዛ ወጣች። ደግመን ጣልን። ያው ነው።

አንድ አዛውንት ታንኳ ሠሪ ራቅ ብለው ቆመው ያዩናል። ሄጄ ሰላም አልኳቸው።

«አባባ፣ ይህ ሁሉ ሲሆን አላዩም?»

«አየን እንጂ ልጄ። ምን ብለን እንናገር? አትግቡ ተብለናል።»

ዝም አልኩ። እሳቸው ቀስ ብለው ቀጠሉ። «እኛ እኮ በየቀኑ እዚህ ነበርን። ከብት ሲገባ እናባርራለን። ሞፈር ይዞ የሚመጣ ካለ ተሰብስበን እንጮሃለን። ግንዱን ነው የምንቆርጠው፤ ሥሩን አንነካም። ሥሩ ካለ ተመልሶ ይበቅላል። ባይበቅልማ ዘንድሮ ምን እንቆርጣለን?»

እነዚያ በሰኔ ያየኋቸው ጉቶዎች ትዝ አሉኝ። ብዙዎቹ ከጎናቸው አዲስ ቡቃያ ነበራቸው። ፎቶ ያነሳሁት እኔው ነኝ፤ ቡቃያው ፎቶው ላይ አለ። ዓይኔ የፈለገው ማጭድ የነካውን ብቻ ነበር። ደንገሉ የሳሳው ከዳር በኩል እየተገፋ፣ እየታረሰ ነው። ከሐይቁ ይልቅ በመሬቱ በኩል ዞሬ ብመጣ ኖሮ በሰኔም ይታየኝ ነበር።

ለአዛውንቱ የጻፍኩትን ነገርኳቸው። መናገር ነበረብኝ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ታዲያ አሁን ሌላ ጻፋ» አሉኝ።

ጻፍኩ። ያኛው ሪፖርት ስሕተት መሆኑን፣ ስሕተቱም የእኔ መሆኑን ገልጬ ጻፍኩ። ክልከላው እስኪነሳ ስምንት ወር ፈጀ። አሁን የትኛው ጥግ መቼ እንደሚቆረጥ የሚወስኑት ታንኳ ሠሪዎቹ ናቸው፤ እኛ ጫጩቱን እንቆጥራለን። አዲስ ቦታ ስሄድ መጀመሪያ የምፈልገው እዚያ በየቀኑ የሚውለውን ሰው ነው።

ከዚያች ጥግ በውኃው በኩል ያለው ግማሽ ላይ ሥር ተርፎ ስለነበር ደንገሉ እንደገና በቅሏል። ባለፈው ጊዜ መረብ ስንጥል ሰባት ቀረሶ ገባልን። ሰባት ብቻ። በመሬቱ በኩል ያለው ግማሽ ግን አልተመለሰም። ዘንድሮም ሽምብራ ነው።