ስለቴ ይኸውና
በስመ ሥላሴ። ለእመቤቴ የተሳልሁት ጃንጥላና ምስክርነት ነበር። ጃንጥላውን ግንቦት ልደታ ዕለት አስገባሁ፤ ምስክርነቱ ግን እስካሁን ዘገየብኝ።

አገሬ ወሎ ገጠር ነው። የመጀመሪያ ልጄን ቤት ወልጄ በሦስተኛው ቀን ቀብሬዋለሁ። በ2010 ዓ.ም. ዳግም ሳረግዝ የጤና ኬላዋ ልጅ ቡና በተፈላ ቁጥር ከች ትላለች፤ ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ለየቀበሌው ከሚመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አንዷ ናት። «እታለም፣ የእናቶች ማቆያው ግቢና ጠብቂ» ስትለኝ «ገና ነው» እላለሁ። እውነትም ገና ነበር፤ ምጡ የመጣው በሰባት ወር ተኩል ነው።

ነሐሴ 12፣ ፍልሰታ። ወንዙ ሞልቶ አምቡላንሱ ማዶ ቆሟል። የቅሬው፣ የዕድራችን፣ ወንዶች በቃሬዛ ተሸከሙኝ፤ ግማሾቹ ከቅዳሴ እንደወጡ እህል ያልቀመሱ፣ ግማሾቹ ሙስሊሞች። እነዚያ «ማርያም ማርያም»፣ እነዚህ «ያ አላህ» ሲሉ ውኃው ጀርባዬን ነካኝ። «ይህችኛዋን ተይልኝ» ብዬ የተሳልሁት እዚያ ላይ ነው። የኬላዋ ልጅ በቦቲዋ ከኋላ ትከተላለች።

ጤና ጣቢያ ስወልድ ልጄ አላለቀሰችም። አዋላጇ ቶሎ አድርቃ፣ አፍና አፍንጫዋ ላይ ጭንብል ደፍታ፣ በእጇ እየጨመቀች አየር ሰጠቻት። ስንት ጊዜ እንደጨመቀች እንጃ። ከዚያ እንደ ድመት ግልገል ያለች ድምፅ ሰማሁ። 1,700 ግራም።

አማቴ «ሰማንያ ቀን አትደርስም፣ አባን ጠርተን አሁኑኑ ክርስትና እናንሣት» አሉ። ቅቤም ሊያስልሷት ነበር። አልወቅሳቸውም፣ ስንቱን ቀብረዋል። የኬላዋ ልጅ ግን «እማማ፣ ቅቤውን ለእናቷ ፀጉር ይተዉላት» ብላ አሳቀቻቸው።

ኮፍያና ሽንት ጨርቅ ብቻ አድርገው ገላዋን ከገላዬ አጣብቀው በነጠላ አሰሩልኝ። ካንጋሮ ይሉታል። ኋላ እንዳነበብሁት በ1978 እ.ኤ.አ. ቦጎታ፣ ኮሎምቢያ፣ የሕፃናት ማሞቂያ ባጠረበት ሆስፒታል የተጀመረ ነው። መጥባት ስላቃታት ወተቴን በሲኒ አልቤ አጠጣታለሁ። ሌሊት ሌሊት እየባነንሁ ትንፋሿን ደረቴ ላይ እፈልጋለሁ። ስደክም ባሌ ሸሚዙን ፈቶ ይቀበለኛል፤ የአገራችን ወንድ!

«ታዲያ ሐኪም ነው ያዳናት ወይስ ማርያም?» የሚለኝ አለ። እኔ ለይቼ አላውቀውም።

ጥቅምት 27፣ መድኃኔዓለም፣ ሰማንያ ቀኗ ሞልቶ ክርስትና ተነሣች። የክርስትና እናቷ ማን እንደሆነች አይጠፋችሁም። በበጋው እንኳ ቦቲ አድርጋ መጥታ፣ ደጁ ላይ አውልቃ ገባች።