ጋሼ «ሩሲያ» የሚሉት አገር

የ2016 ዓ.ም. ስቅለት ማታ ፕሼሚሽል ጣቢያ ሰልፍ ይዣለሁ። ይህች የፖላንድ ጠረፍ ከተማ ዛሬ የዩክሬን በር ናት። ጦርነቱ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2022 ከተቀጣጠለ ወዲህ በዩክሬን ሰማይ የመንገደኛ አውሮፕላን አይበርም። የአገሩ ሐዲድ ስፋት 1,520 ሚሊ ሜትር ነው፤ የፖላንዱ 1,435። የዩክሬኑ ባቡር በራሱ ሰፊ ሐዲድ እስከዚህ ድረስ መጥቶ ይጭነናል።

ሰልፉ የሴቶች ነው። በዚያን ጊዜ ከጥቂቶች በቀር ከ18 እስከ 60 ዓመት ያለ ወንድ ከአገር መውጣት ስላልተፈቀደለት፣ ለፋሲካ ወደ ቤታቸው የሚመለሱት እናቶች፣ ሕፃናትና በቅርጫት የተያዙ ድመቶች ናቸው። ከመካከላቸው ጢሙ የሸበተ አንድ ሐበሻ ቆሟል። እውነቱን ለመናገር፣ ፈርቻለሁ። በጦርነቱ የመጀመሪያ ሳምንት አፍሪካውያን ተማሪዎች በዚህ ጠረፍ ከሰልፍ እየተገፉ ወደ ኋላ መመለሳቸውን ሲናገሩ ሰምቻለሁና የሚገፋኝን እጅ ስጠብቅ ነበር። ፓስፖርቴን ያገላበጠችው ወታደር የጠየቀችኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «ለምን?» ፋሲካን ላከብር ነው ስላት ሳቀችና ማኅተሙን መታችልኝ።

የፉርጎው አስተናጋጅ በብረት እጀታ በተያዘ ብርጭቆ ሻይ አመጣችልኝ። ጾመኛ ስለሆንኩ ከዚያ ሌላ የምቀምሰው የለም። በልጅነቴ አጎቴ ጋሼ ያስተማሩኝን ቃል በኩራት መዘዝኩ፦ «እስፓሲባ!» ሴትየዋ አልተቆጣችም። ስኳሩን አስቀምጣ፣ ፊደል እንደምታስቆጥር መምህርት ቀስ ብላ «ዲያኩዩ» አለችኝ። የእኔ «አመሰግናለሁ» የሩሲያኛ፣ የእሷ ደግሞ የዩክሬንኛ መሆኑ ነው። ባቡሩ ልቪቭን እስኪያልፍ ድረስ አፍሬ መስኮቱን ስመለከት ቆየሁ።

ጥፋቱ ግን የእኔ ብቻ አይደለም። ጋሼ በደርግ ዘመን እርሻ የተማሩት ኪዪቭ ውስጥ ነው። ዲፕሎማው የኪዪቭ፣ በረዶው የኪዪቭ፣ ዛሬም የሚናፍቁት ቀይ ሥር ሾርባ ቦርሽ የዚያው አገር ነው። እኛ ቤት ግን ወሬው ሁልጊዜ «ሩሲያ ሳለሁ» ተብሎ ነው የሚጀመረው። ሳሎናቸው ውስጥ የተሰቀለው ፎቶግራፍም ኪዪቭ ከነበረው ከሩሲያዊው ባለቅኔ ከፑሽኪን ሐውልት ሥር በወፍራም ካፖርት ቆመው ያሳያቸዋል። የባለቅኔው የእናቱ አያት በልጅነቱ ከአፍሪካ የተወሰደ ነበርና ብዙዎቻችን ከእኛው ምድር ነው እንላለን፤ አዲስ አበባ በስሙ አደባባይ ሰጥታዋለች። ጋሼ የላኩኝ «ዘመዳችን አሁንም ቆሞ እንደሆነ እይልኝ» ብለው ነው።

ኪዪቭ ቅዳም ሹር ጠዋት ገባሁ። ሰዓት እላፊው ከሌሊቱ 6 እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ስለሆነ እንደ እኛ ሌሊቱን ወጥቶ የሚያስቀድስ የለም። በእሑዱ ንጋት ወደ ቅዱስ ሚካኤል ገዳም ወጣሁ። ሶቪየቶች በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በፈንጂ ያፈረሱት፣ ከነፃነት በኋላ እንደገና የታነጸ ባለወርቅ ጉልላት ገዳም ነው። ከፊቱ ባለው አደባባይ የተቃጠሉ የሩሲያ ታንኮች ተደርድረዋል፤ ልጆች እየዞሩ ያይዋቸዋል። በቅጥሩ ውስጥ ሰው ቅርጫቱን ከፊቱ አኑሮ ተሰልፏል። ቅርጫቱን የሸፈነው ጥልፍ ጨርቅ ሩሽኒክ ይባላል፤ ቀይና ጥቁሩ ክር የእናቴን ነጠላ ጥለት አስታወሰኝ። ከጨርቁ ሥር ፓስካ የሚሉት ረጅም ዳቦ፣ ቀለም የተነከረ እንቁላል፣ ቅቤ፣ ከዚያም... የአሳማ ቋሊማ! ሁለት ወር ጾሜ፣ ቄሱ ጸበል ሲረጩት እያየሁ፣ ምራቄን ዋጥኩና እንቁላሉን መረጥኩ።

ጎኔ የነበሩት ሽማግሌ «ኽሪስቶስ ቮስክረስ» አሉኝ። «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ብዬ መለስኩላቸው፤ የገባቸው ይመስለኛል። ገናን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እኛና እነርሱ በአንድ ቀን፣ ታኅሣሥ 29፣ እናከብር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 ከሞስኮ ለመራቅ ሲሉ ወደ ዲሴምበር 25 አዞሩት። ፋሲካው ላይ ግን ዛሬም አልተለያየንም።

ረቡዕ ንጋት ላይ የማስጠንቀቂያው ጩኸት ቀሰቀሰኝ። ያከራዩኝ ሴትዮ ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህርት ናቸው፤ ትራስ ይዘው በኮሪደሩ ወለል ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። መጠለያ የማይወርድ ሰው ቢያንስ በእርሱና በውጭው መካከል ሁለት ግድግዳ ይኑር ይላሉ፤ አንደኛው ፍንዳታውን ይመክታል፣ ሁለተኛው ስባሪውን። እኔም ጀርባዬን ለግድግዳ ሰጥቼ ተቀመጥኩ። ጀግንነታችሁ ይገርማል አልኳቸው። መለሱልኝ፦ «የውጭ ሰው ሁሉ ይህንኑ ይለናል። እኔ ጀግና አይደለሁም፤ እንቅልፌን ነው የምፈልገው። ወይ ያዝንልናል ወይ ያጨበጭብልናል፤ ምን እንደምናነብ የሚጠይቀን የለም።»

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስለ ሰባ ሰባቱ ረሃብ ጠየቁኝ። ኢትዮጵያ ሲባል ረሃብ ብቻ ለሚታያቸው ሰዎች ለዓመታት ያዘጋጀሁት ቁጡ መልስ አለኝ፤ ምላሴ ላይ ደረሰ። እርሳቸው ግን ስለ አያታቸው መናገር ቀጠሉ። በ1932 እና በ1933 (እ.ኤ.አ.) የስታሊን መንግሥት እህሉን ከገበሬው ጠርጎ ሲወስድ አያታቸው የፖልታቫ ገጠር ልጅ ነበሩ። ከኅብረት እርሻው እሸት የቃረመ በሞት ወይም በ10 ዓመት እስር ይቀጣ ዘንድ ሕግ ወጥቶ ነበር። በእሸት! እኛ አገር መንገደኛ ከሰው ማሳ እሸት ቢቆርጥ ማን ይቆጣዋል? ቁጣዬን ዋጥኩ። «በነሐሴ 2022 ከኦዴሳ አጠገብ 23,000 ቶን ስንዴ ይዞ ለእናንተ የተነሣ መርከብ ነበር፤ ደረሰ?» አሉኝ። ጅቡቲ ደርሷል አልኳቸው። «ጥሩ» አሉና የድመታቸውን ጆሮ ማከክ ጀመሩ።

በማግስቱ ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት አጠገብ ወዳለው መናፈሻ ይዘውኝ ሄዱ። ፑሽኪን የለም። በ2023 መጨረሻ ተነሥቷል፤ መናፈሻውም የሶቪየት እስር ቤት በቀመሰው በደራሲ ኢቫን ባህሪያኒ ስም ተጠርቷል። የእኛ ደም ነበረበት እኮ ብዬ ቅሬታዬን ነገርኳቸው። ጠባቸው ከግጥሙ ጋር እንዳልሆነ አስረዱኝ፤ እ.ኤ.አ. በ1876 የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት በዩክሬንኛ መጽሐፍ ማተምን ከለከለ፤ በገባር ልጅነት የተወለደው የዩክሬን ባለቅኔና ሠዓሊ ታራስ ሼቭቼንኮ በ1847 ሲጋዝ እንዳይጽፍና እንዳይስል ታዘዘ፤ የፑሽኪን ምስል ግን በየከተማው ተተከለ። «ጥቁር ዘመድ ከፈለግህ» አሉኝ ፈገግ ብለው፣ «ሼቭቼንኮ በ1858 ከጥቁር አሜሪካዊው ተዋናይ ከአይራ ኦልድሪጅ ጋር ተወዳጅቶ መልኩን ስሎታል።» ፑሽኪንን መጥላት አልሆነልኝም፤ አሁንም አልጠላውም። ሐውልቱን ማን፣ ለምን እንዳቆመው ግን ከዚያ በፊት አንድም ቀን አስቤ አላውቅም።

ማታ ለጋሼ ደወልኩ።

«ቆሟል?»

«አንሥተውታል ጋሼ።»

ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ወሬ ለማስቀየር ብዬ በባቡሩ ውስጥ ስለታረምኩት ቃል ነገርኳቸው።

«ምን አልከኝ? ድገመው እስቲ።»

«ዲያኩዩ።»

«ዲያኩዩ...» አሉ። «ማደሪያችንን የምታጸዳው ሴትዮ ነበረች፤ ባልዲዋን ባነሣሁላት ቁጥር እንዲሁ ትለኝ ነበር። አምስት ዓመት ሙሉ። የገጠር ሩሲያኛ ይመስለኝ ነበር።»