ሰባት ቤት ሳይቆጠር

ቅዳሜ ማታ የደብረ ማርቆስ ብርድ አላስወጣ ሲለኝ ከእማዬ ጋር አንድ የፍቅር ፊልም ከፈትን፣ ያው ሆልማርክ የሚባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያ የሚያሳየው ዓይነት ነገር። አንዲት አሜሪካዊት፣ አያቷ ስትሞትባት፣ የድሮ ደብዳቤ ታገኝና ዘሯን ፍለጋ አየርላንድ ትበራለች፣ ገና ሻንጣዋን ሳታወርድ በግ ከሚያረባ ቆንጆ ጋር ትጣላለች፣ በቃ ቀሪውን ታውቁታላችሁ። ኒውዮርክ ያለው እጮኛዋ ስልክ ላይ ብቻ ነው የሚኖረው ምስኪን።

እኔን ያሳቀኝ መዝገቡ ነው። ሴትዮዋ የ1841ን የሕዝብ ቆጠራ አቧራውን እፍ ብላ ትገልጥና በደቂቃ የቅድመ አያትየውን ስም ታገኛለች፣ እንዴ! በፈረንጆቹ 1922 በአየርላንድ የእርስ በርስ ጦርነት ደብሊን ያለው የመዛግብት ቤት ተቃጥሎ ከ1821 እስከ 1851 ያሉት የቆጠራ ቅጾች አብዛኞቹ አመድ ሆነዋል እኮ፣ ሙሉው የተረፈው ከ1901 ወዲህ ነው።

እማዬ ግን ወረቀቱ አልገባትም። «ዘሯን ለማወቅ ወረቀት ምን ያደርግላታል፣ አባቷ አልነገራትም?» አለች። እሷ ያደገችው ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በፊት ነው፣ ያኔ ጎጃም ውስጥ ርስት ለመጠየቅ በአባትም በእናትም እስከ አቅኚው አባት ድረስ በቃል መቁጠር ግድ ነበር፣ አያቴማ ሲቆጥሩ ትንፋሽ አይወስዱም ነበር አሉ።

ልክ ሊሳሳሙ ሲሉ ደግሞ ጋቢዋን ሰብሰብ አድርጋ፦

«ቆይ አንተ፣ የአያቷ አገር ልጅ አይደል? ሰባት ቤት ቆጥረዋል?»

ሳቄን ሳልጨርስ መብራት ጠፋ።