ሮም ላይ ገንዘብ የሚበላው መቀመጥ ነው

ፍራንክፈርት መኖር ከጀመርኩ 6 ዓመት ሆኖኛል፤ ሮምን ግን አይቻት አላውቅም ነበር። ባለፈው ኅዳር መጨረሻ ከባለቤቴ ጋር ለ4 ሌሊት ሄድን። ከአውሮፕላን ትኬት ውጪ ለሁለታችን 600 ዩሮ ያዝን፤ 540 ገደማ አውጥተን ተመለስን። ግማሹን የወሰደው መኝታው ነው። እዚያ ላይ ከተማው ለእያንዳንዱ ሰው በየሌሊቱ የሚያስከፍለው ግብር አለ፤ ብዙ ጊዜ ክፍል ስትይዙ የምታዩት ዋጋ ውስጥ አይካተትም። አስቀድማችሁ አስቡት።

ከፊዩሚቺኖ ኤርፖርት ወደ ዋናው የባቡር ጣቢያ፣ ወደ ተርሚኒ፣ የሚወስደው ፈጣኑ ባቡር ለአንድ ሰው 14 ዩሮ ነው። አውቶቡሱ የዚያን ግማሽ ያህል ነው። ትንሽ ይዘገያል እንጂ እዚያው ያደርሳል። ተርሚኒ ፊት ለፊት ያለው አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1887 ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ ድል ላደረጓቸው የጣሊያን ወታደሮች መታሰቢያ የተሰጠ ስም ነው። ሻንጣ እየጎተትኩ ይህን ሳስታውስ ልቤ ደንገጥ አለ።

የመጀመሪያው ቀን ሁለት ስህተት ሠራሁ። አንደኛው፣ ደክሞን ስለነበር ትልቅ አደባባይ ዳር ካለ ካፌ በረንዳ ላይ ተቀመጥን። ሁለት ቡና 9 ዩሮ ከፈልን። በማግስቱ አንዲት ጠባብ ቡና ቤት ገብተን እንደ ሰፈሩ ሰው ባንኮኒው ላይ ቆመን ጠጣን፤ ሁለቱ 2 ዩሮ ከ40 ሳንቲም። ብዙ ቦታ መጀመሪያ ካሸሯ ጋ ትከፍላላችሁ፣ ደረሰኙን ይዛችሁ ወደ ቡና ቀጂው ትሄዳላችሁ። የቆመና የተቀመጠ ሰው ዋጋ ይለያያል፤ ዝርዝሩን ሳያዩ ወንበር መሳብ አያስፈልግም።

ሁለተኛው ስህተት ከዚህ ይብሳል። የአውቶቡስ ትኬት 1 ዩሮ ከ50 ነው፤ ለ100 ደቂቃ ያገለግላል። እኔ ትኬቱን ገዝቼ ኪሴ ከተትኩት። ለካ አውቶቡሱ ውስጥ ባለችው ማሽን ካላስመታችሁት እንዳልገዛችሁ ነው የሚቆጠረው። ተቆጣጣሪው መጣ፣ ትኬቱን አገላብጦ አየ፣ ከ50 ዩሮ በላይ ቀጣኝ። ባለቤቴ የራሷን አስመትታ ስለነበር ተረፈች። እባካችሁ እንደገባችሁ አስመቱ።

ምግብ ላይ የጠቀመን የነቢያት ጾም ነው። ጾም ይዘን ጣሊያን መሄድ ከብዶኝ ነበር፤ አይብና ሥጋ ብቻ መስሎኝ። ግን ማሪናራ የሚባለው ፒዛ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ ከፒዛዎቹ ሁሉ ርካሹም እሱ ነው። በየሰፈሩ ደግሞ ፒዛ በሚዛን ይሸጣል። ባለ ቲማቲሙን ቀዩን ታሳያላችሁ፣ ሰውየው ቢላውን ላዩ ላይ ያስጠጋል፣ «እዚህ ጋ?» ይላችኋል በእጁ። ትንሽ ወደ ውስጥ ግፋው ወይም መልሰው ትሉታላችሁ። ቆርጦ ይመዝናል፣ በመቀስ ለሁለት ይከፍለዋል፣ በወረቀት ይጠቀልላል። በ6 ዩሮ ሁለታችንም ጠግበናል።

ውሃ ደግሞ በፍጹም አትግዙ። ከተማው ውስጥ ከ2,000 በላይ «ናሶኒ» የሚባሉ የብረት ቧንቧዎች አሉ፤ እ.ኤ.አ. ከ1874 ጀምሮ የቆሙ ናቸው። ትርጉሙ ትልልቅ አፍንጫ ማለት ነው፤ አፋቸው ወደ ታች የታጠፈ ስለሆነ። ቀን ከሌት ይፈሳሉ፣ ውሃው ቀዝቃዛና ንጹሕ ነው። አፉን በጣት ድፍን ሲያደርጉት ከላይ ባለች ቀዳዳ ሽቅብ ይፈልቃል፤ ጎንበስ ሳይሉ ይጠጣሉ። ይህን ያሳየችን የሰፈሩ አሮጊት ናት።

ትልቁ ቁጠባ ግን ቀኑን መምረጣችን ነው። በፈረንጆቹ ወር በየወሩ የመጀመሪያ እሁድ የመንግሥት ሙዚየሞችና ቅርሶች ነፃ ናቸው። ኮሎሲየም በሌላ ቀን 18 ዩሮ፣ ጥንታዊው ቤተ መቅደስ ፓንተዮን 5 ዩሮ ነው። ለሁለት ሰው በአንድ እሁድ 46 ዩሮ ማለት ነው። ከጠዋቱ 1፡30 ላይ ኮሎሲየም በር ላይ ነበርን፤ ሲከፈት ብዙ ሳንቆይ ገባን። ስንወጣ ሰልፉ ተጥመልምሎ መጨረሻው አይታይም ነበር።

ከዚያ በእግራችን ወደ ፖርታ ካፔና አደባባይ ወረድን፤ 15 ደቂቃ ያህል ነው። የአክሱም ሐውልት እ.ኤ.አ. ከ1937 ጀምሮ የቆመው እዚያ ነበር፣ አሁን የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት የሆነው ሕንፃ ፊት ለፊት። እ.ኤ.አ. በ2005 ወደ አገሩ ተመለሰ። ቦታው ላይ መኪና ይተላለፋል፣ ማንም ቆም አይልም። ባለቤቴ አክሱም ናት የተወለደችው። ምንም ሳትናገር ብዙ ቆየች፤ እኔም አልቸኮልኩም።

አብያተ ክርስቲያናቱም በአብዛኛው በነፃ ይገባባቸዋል። ሳን ሉዊጂ ዴ ፍራንቼዚ ውስጥ ሠዓሊው ካራቫጆ የሣላቸው 3 የቅዱስ ማቴዎስ ሥዕሎች አሉ። በአንደኛው ቀራጮቹ ጠረጴዛ ከበው ሳንቲም ይቆጥራሉ፤ ክርስቶስ በቀኝ በኩል ይገባል፣ ብርሃኑም ከእሱ ወገን ይመጣል። ይህን የሚያህል ነገር ያለ ትኬት ማየት ይገርማል። እኩለ ቀን ላይ ስለሚዘጋ ጠዋት ሂዱ።

ያመለጠን የቫቲካን ሙዚየም ነው። እሱ ነፃ የሚሆነው በወሩ የመጨረሻ እሁድ ነው፤ የኮሎሲየሙ በመጀመሪያው። የአንዱ ወር የመጨረሻ እሁድና የቀጣዩ ወር የመጀመሪያ እሁድ ደግሞ ተከታታይ ናቸው። በሚቀጥለው ከባለቤቴ እናት ጋር ልንሄድ ነው፤ ከመጀመሪያው እሁድ በፊት ባለው ቅዳሜ ገብተን ከሁለተኛው እሁድ ማግስት ሰኞ እንመለሳለን።