ሽቦው በየት ይውጣ?

የተለያየ አገርና ሙያ ያላቸውን ተማሪዎች አንድ የዲዛይን ቡድን ውስጥ ሳስገባ ሁሌ የምትመጣ ሐሳብ አለች። «እኛ ሜካኒካሉን እንሥራ፣ እነሱ ኤሌክትሮኒክሱን ይሥሩ፤ መጨረሻ ላይ እንገጣጥመዋለን።» አይሆንም እላቸዋለሁ። ይከፋቸዋል። ሞተር ከካታሎግ መምረጥማ ማንም ጎበዝ ተማሪ ይችላል። ጣጣው ያለው መገጣጠሚያው ላይ ነው።

አንድ ቡድን የሴንሰር መያዣ ሲሠራ ያየሁትን ልንገራችሁ። ድሮዊንጉን የሣሉት አውሮፓ ያሉት ናቸው፤ ብረቱን የቆረጡት አሜሪካ ያሉት። አውሮፓ በተለመደው አሣሣል ዕቃው ከቀኝ ሲታይ ያለው ምስል ከፊቱ ምስል በስተግራ ይቀመጣል። አሜሪካ በስተቀኝ። የትኛው እንደሆነ የምትናገር ትንሽ የሾጣጣ ምልክት አለች፤ ድሮዊንጉ ጥግ ላይ ነው የምትገባው። ማንም አላስገባትም። መያዣው ሲደርስ ልኬቱ ልክክ ያለ ነው፤ ቀዳዳው ግን በተቃራኒው ጎን ተበስቷል። ነገሩን የነቃችበት የኤሌክትሪካል ተማሪዋ ናት፦ «ታዲያ ሽቦው በየት ይውጣ?»

ትልልቆቹም አላመለጡም። ኤርባስ ኤ380ን ሲሠራ ሀምቡርግና ቱሉዝ ያሉት ቡድኖች ካቲያ የሚባለውን የኮምፒውተር መንደፊያ ሶፍትዌር በተለያየ ቨርዥን ይጠቀሙ ነበር። ሽቦው አውሮፕላኑ ውስጥ ሲዘረጋ አልገጥም አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 ርክክቡ ደጋግሞ ከተራዘመበት ምክንያት አንዱ ይኸው ነው።

ስለዚህ እኔ ጋ ትልቁ ማርክ ያለው አንዲት ወረቀት ላይ ነው። ሁለት ክፍሎች የሚገናኙበት ቦታ ሁሉ እዚያ ይጻፋል። ቮልቴጁ ስንት ነው? ግራውንዱ የትኛው ፒን ነው? ብሎኑ ኤም6 (ባለ 6 ሚሊሜትር) ነው ወይስ ሩብ ኢንች? የሁለቱ ውፍረት የሚለያየው በ0.35 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ በዓይን አይለይም፣ ከተቀላቀሉ ግን ጥርሱ ይበላል። ከሁለቱም ወገን ሰው ይፈርማል። አንዱ ሳያውቅ ሌላው አይቀይርም።

ስብሰባው ሌላ ራስ ምታት ነው። የሰዓት ልዩነቱን በተራ ይሸከሙታል፤ አንድ ሳምንት እነዚህ ያመሻሉ፣ በሚቀጥለው እነዚያ። እንግሊዝኛ የሚቀናው ልጅ መድረኩን እንዳይዘው ደግሞ ወሬ ሳይጀመር ሁሉም ንድፉን ያስገባል።

ከቪዲዮ ስብሰባ ይልቅ ግን በፖስታ የተላከ ዕቃ ያስተምራል ባይ ነኝ። ሴሚስተሩ አጋማሽ ላይ፣ ባያልቅም እንኳ፣ የሠሩትን ይላላካሉ። ጉምሩክ ይይዝብናል ብለው ይነጫነጫሉ። ይያዝ! እሱንም ፕላናቸው ውስጥ ያስገቡት።