ቀይ ሥጋ ይተዉ ተባልኩ፣ ጮማስ?

ፋሲካ በዋለ ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ለሊት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው ከእንቅልፌ የባነንኩት። የግራ እግሬ አውራ ጣት። መጀመሪያ የሆነ ነገር የነከሰኝ መስሎኝ ነበር፣ ከዛ የስልኬን መብራት አብርቼ ሳየው ቲማቲም መስሏል፣ ቀልቷል አብጧል ቆዳው ያብለጨልጫል። ብርድ ልብሱ ሲነካው ልጮህ ምንም አልቀረኝ፣ ብርድ ልብሱን ስገፋው ደግሞ አንሶላው ራሱ ከበደኝ፣ አንሶላ'ኮ ነው የምላችሁ። ባለቤቴ ነቅታ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ስትል ፍራሹ ተነቃነቀ እሱም አመመኝ። ጣቴን ሳታየው "ሪህ ነው" አለችኝ፣ "እሁድ የበላኸውን አይቻለሁ።"

ጠዋት በአንድ እግሬ ነጠላ ጫማ አድርጌ እያነከስኩ ክሊኒክ ሄድኩ። ዶክተሯ ልጅ እግር ናት ግን አጠያየቋ የመርማሪ ነው። እሁድ ምን በሉ? ዶሮ። ሌላስ? ትንሽ ቁርጥ። ትንሽ ማለት? ለአራት ሰው ሁለት ኪሎ። ሰኞስ? ጠዋት ዱለት፣ ማታ ክትፎ። ቢራ? እዚህ ጋ ዝም አልኩ፣ እሷም ዝም ብላ ጻፈች። ደሜ ተመርምሮ ዩሪክ አሲዴ (ሪህ የሚያስነሳው ነገር ነው) 9 ነጥብ ምናምን ወጣ፣ ለወንድ ከ7 ባይበልጥ ነው ጥሩው። መድኃኒት አዘዘችልኝና "ለጊዜው ቀይ ሥጋ ይተዉ፣ ቢራውንም" አለችኝ።

ቢሮ ገብቼ ይሄን ስናገር ጓደኛዬ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "እና ምን ችግር አለው፣ ቀይ ሥጋ ነው እንጂ ጮማ ተው አላለችህም'ኮ!"

ሳቅን ግን ነገሩ ቀልድ ብቻ አይደለም። እኛ ቀይ ሥጋ ስንል ጮማ የሌለውን ማለታችን ነው። ሥጋ ቤት ገብተህ "ለክትፎ የሚሆን ቀይ ሥጋ ስጠኝ" ካልከው ጅማቱንም ስቡንም ገፎ ንጹሁን ነው የሚሰጥህ። ሐኪሞቹ ቀይ ሥጋ ሲሉ ግን የበሬ፣ የበግ፣ የፍየል፣ የግመል፣ የአሳማ፣ በቃ የእንዲህ አይነቱን እንስሳ ሥጋ በሙሉ ነው፣ ጮማ ኖረው አልኖረው። ዶሮና አሳ ናቸው ከሱ ውጪ። አጎቴ ግፊት አለበትና ከሁለት ዓመት በፊት ቀይ ሥጋ ቀንስ ተብሎ የበሬ ሥጋ እርግፍ አድርጎ ተወ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የፍየል ጥብስ ነው የሚበላው፣ "ፍየል ምን ቀይ አለው" ይላል። ሐኪሙም ተናግሯል አጎቴም ታዟል፣ የተግባቡት ግን በሌላ ሥጋ ላይ ነው።

እሺ፣ እግሬን ትራስ ላይ ሰቅዬ ሦስት ቀን ቤት ስውል ሥራዬ ማንበብ ሆነ። ቀይ ሥጋ እውነት ይጎዳል ወይስ የፈረንጅ ወሬ ነው?

ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል እ.ኤ.አ በ2015 ያወጣው ነው። ከ10 አገር የተሰበሰቡ 22 ባለሙያዎች ከ800 በላይ ጥናት አይተው፣ የተቀነባበረ ሥጋ (ሶሴጅ፣ ሞርታዴላ፣ ሳላሚ ምናምን) የአንጀት ካንሰር እንደሚያመጣ በቂ ማስረጃ አለ አሉ፣ ቀይ ሥጋን ደግሞ "ሳያመጣ አይቀርም" የሚለው ምድብ ውስጥ ከተቱት። የተቀነባበረው የገባበት ምድብ ሲጋራም ያለበት ስለሆነ ያኔ ሶሴጅ ከሲጋራ እኩል ነው ተብሎ ተወራ። እንደሱ አይደለም። ምድቡ የሚናገረው ማስረጃው ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ ነው፣ ጉዳቱ ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ አይደለም።

ቁጥሩም አለ። በቀን 50 ግራም የተቀነባበረ ሥጋ የአንጀት ካንሰር እድልን በ18 በመቶ ይጨምራል። የቀይ ሥጋው እርግጥ ከሆነ ደግሞ በቀን ለ100 ግራም 17 በመቶ ገደማ። 18 በመቶ ሲባል ያስደነግጣል ግን ከምን ላይ ነው የሚጨምረው ብላችሁ ጠይቁ፣ ለምሳሌ ከ100 ሰው 5ቱ በዕድሜያቸው ይሄ ነገር የሚያገኛቸው ቢሆን 18 በመቶ ሲጨመር 6 ገደማ ይሆናሉ። ምንም አይደለም ማለቴ አይደለም፣ ስድስተኛው ሰው እኔ ልሆን እችላለሁ፣ ግን የሚወራውን ያህልም አይደለም።

በነገራችን ላይ እነሱ "የተቀነባበረ" ሲሉ ጨው በመጨመር፣ በማጨስ፣ በማብላላት እንዲቆይ ወይ እንዲጣፍጥ የተደረገውን ሁሉ ነው። በዚህ ትርጉም ከሄድን እማዬ ኩሽና ውስጥ ገመድ ላይ የተንጠለጠለው ቋንጣም ሊገባ ነው። ለእማዬ አልነገርኳትም፣ አልነግራትምም።

ከዛ ደግሞ እ.ኤ.አ በ2019 ሌሎች ተመራማሪዎች መጡና ማስረጃው ደካማ ነው፣ አዋቂ ሰው የለመደውን ያህል ቢበላ ችግር የለውም ብለው በአንድ ትልቅ የሕክምና መጽሔት አወጡ፣ ራሳቸው ምክራቸውን "ደካማ ምክር" ነው ያሉት። የሥነ ምግብ ሰዎች በተለይ ሃርቫርድ ያሉት ተነሱባቸው። ጭቅጭቁ የመጣው እንዲህ ያለው ጥናት ሰውን ለ20 ዓመት እየተከተሉ "ምን በላህ" እያሉ በመጠየቅ የሚሠራ ስለሆነ ነው። ሰው ደግሞ ስለ በላው ይዋሻል፣ እኔም "ትንሽ ቁርጥ" ብያለሁ።

እኔን ግን የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። ጥናቶቹ ውስጥ ያለው ሰውዬ የእኛን ሰው አይመስልም። እሱ ቁርስ ላይ ሶሴጅ ምሳ ላይ በርገር እያለ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ የሚበላ ነው። የእኛ ሌላ ነው። ጾሙን በሙሉ የሚጾም ምዕመን በዓመት ወደ 180 ቀን ሥጋም ቅቤም አይነካም፣ ካህናቱ ደግሞ እስከ 250 ይደርሳሉ ይባላል። ገጠር ከወጣህ ሥጋ ማለት ቅርጫ ነው፣ ለፋሲካ ለመስቀል ለገና ተመድበህ የምታገኘው። እንደ አገር ስትደምረው በነፍስ ወከፍ ሥጋ ከማይበሉት ተርታ ነን።

ግን አማካይ የሚባለው ነገር ተንኮለኛ ነው። ሁዳዴን 55 ቀን ጾሜ ፋሲካ ላይ ግማሽ ኪሎ ጥሬ ሥጋ ብቻዬን ስጨርስ ለአማካዩ ጥሩ ነኝ ለጣቴ ግን ምን እፈይዳለሁ! የዓለም የካንሰር ምርምር ፈንድ በሳምንት ከ350 እስከ 500 ግራም የበሰለ ቀይ ሥጋ ባታልፉ ይላል፣ ጥሬውን ከ500 እስከ 750 ግራም እንደማለት ነው። እኔ እሁድ በአንድ ቁጭታ የበላሁት የሳምንት ድርሻ ነበር፣ ዱለቱና ክትፎው ሳይቆጠር፣ ክትፎው ላይ የፈሰሰው ቅቤማ አይነሳ።

ሪህ የሚወደው ደግሞ እንዲህ ያለውን ነው። ሥጋ ውስጥ ፑሪን የሚባል ነገር አለ፣ ሰውነት ሲሰባብረው ዩሪክ አሲድ ይሆናል፣ ኩላሊት አጥቦ ማውጣት ካቃተው መገጣጠሚያ ላይ እንደ መርፌ ይጋገራል። ጉበትና ኩላሊት ከተራው ሥጋ ይብሳሉ፣ ዱለት ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ እናንተው ታውቃላችሁ። ቢራ ደግሞ በሁለት በኩል ነው የሚመጣው፣ የራሱ ፑሪን አለው፣ አልኮሉ ደግሞ ኩላሊት ዩሪክ አሲዱን እንዳያስወጣ ያደርጋል። የሀብታም በሽታ ሲሉት ሰምቼ ኮርቼ ነበር፣ ደሞዜን ለሚያውቅ ያስቃል። ለነገሩ ዶክተሯ እንደነገረችኝ ምግብ ብቻውን አይደለም፣ ዘር አለ፣ ክብደት አለ፣ አንዳንድ የግፊት ክኒን ራሱ ዩሪክ አሲድ ይጨምራል።

አንድ ነገር ግን በደንብ ልናገር። ሪህ ያለበት ሰው በሰፈር ምክር መጀመሪያ የሚከለከለው ሽሮና ምስር ነው። "ጥራጥሬ ያስነሳብሃል" ይሉሃል። እ.ኤ.አ በ2004 የወጣ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ከ47 ሺህ በላይ ወንዶችን ለ12 ዓመት ተከታትሎ፣ ሥጋና የባሕር ምግብ የሚያበዙት ላይ ሪህ ጨመረ፣ ፑሪን ያለባቸው አትክልትና ጥራጥሬ የሚበሉት ላይ ግን አልጨመረም፣ ወተትና እርጎ የሚወስዱት ላይ እንዲያውም ቀነሰ። እኛ ሰፈር ሽሮውን ትቶ ጥብስ የሚበላ የሪህ በሽተኛ አውቃለሁ።

ጥሬ ስለመብላት ደግሞ... ቁርጥ ወዳጆች አንድ መከራከሪያ አለን፣ ሥጋ እሳት ላይ ሲያር ካንሰር ያመጣሉ የሚባሉ ነገሮች ይፈጠሩበታል፣ እኛ ደግሞ አናሳርርም! እውነት ነው፣ ግን በዛ በኩል ያተረፍነውን በኮሶ ትል እንከፍላለን። ትሉ የሚመጣው ከሰው ሰገራ እንቁላሉ ሣር ላይ ወድቆ ከብቱ ሲግጠው ነው፣ ጡንቻው ውስጥ ትንሽ ከረጢት ሆኖ ይቀመጣል፣ በጥሬው ስትበላው አንጀትህ ውስጥ ብዙ ሜትር ይረዝማል። ቄራ ላይ ሥጋው ይመረመራል፣ ግን በዓይን እየቆረጡ ማየት ስለሆነ ብዙው ያመልጣል። ሚጥሚጣም አዋዜም አረቄም አይገድለውም። የሚገድለው በደንብ ማብሰል ነው፣ ወይ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ አንድ ሳምንት ማቆየት፣ ከፍሪጅ የወጣ ቁርጥ የሚበላ ሐበሻ ደግሞ እስካሁን አላየሁም። እማዬ ልጅ ሆና ኮሶ ስትጠጣ የነበረውን ስታወራ አሁንም ፊቷ ይጨማደዳል፣ አበባውን ፈጭተው በጥብጠው በባዶ ሆድ ነው የሚያጠጧት፣ ቀኑን ሙሉ ተከናንባ ትውላለች። ዛሬ ክኒን አለ፣ ደግነቱ።

እንግዲህ ይሄን ሁሉ ስል ሥጋ መጥፎ ነው ያልኩ እንዳይመስላችሁ። እህቴ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት፣ ደም ማነስ አለብሽ ተብላ ሥጋ ብዪ ተብላለች። ሥጋ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት ከጤፉና ከጎመኑ ብረት በተሻለ ነው የሚወስደው፣ ቢ12 የሚባለው ቫይታሚንም በተፈጥሮው የሚገኘው ከእንስሳ ነው። ከምግብ በኋላ ወዲያው የምንጠጣው ቡናና ሻይ የእህሉን ብረት ስለሚያስቀር እሷ ቡናዋን ቢያንስ አንድ ሰዓት ታቆየዋለች፣ ለእህቴ ይሄ ከጾም ይብሳል። በጥሬው ግን ክልክል ነው፣ ክትፎዋም በደንብ የበሰለ፣ ጽንሱን የሚጎዳ ተውሳክ ከጥሬ ሥጋ ሊመጣ ስለሚችል። የእህቴ ልጅም ሁለት ዓመቱ ነው፣ ለሱ በሳምንት ሁለቴ ተፈጭቶ ሽሮው ውስጥ የሚገባለት ሥጋ ለእኔ ከተከለከለው በሬ ነው የሚቆረጠው። ስለዚህ አንድ ሰው መጥቶ "ቀይ ሥጋ ይጎዳል ወይ" ሲለኝ እኔ መልሼ ማን ነው የሚበላው፣ ስንት ነው፣ ከምን ጋር ነው እላለሁ። በወር አንዴ ለምታገኝ ሴትዮ ሥጋ ቀንሺ ማለት ነውር ነው። ዓርብ ጾም ሲፈታ ጀምሮ እስከ እሁድ ማታ ሥጋ ቤት ለሚውል እንደኔ ዓይነቱ ጎልማሳ ደግሞ አያቶቻችን ሲበሉ ኖረዋል ማለት ራስን ማታለል ነው፣ አያቴ በዓመት ስንት ቀን ሥጋ እንዳገኘ እኔ አውቃለሁ፣ ሲያገኝም ከእርሻ ውሎ ነው እንጂ ከወንበር ተነስቶ አይደለም።

አሁን ሰባተኛ ሳምንቴ ነው። ጣቴ ደህና ነው፣ ቢራ ትቻለሁ (ይሄ ከሥጋው ይከብዳል፣ በተለይ ኳስ ሲኖር)፣ ዱለት አልደርስበትም። የወጥ ቤት ሚዛን ገዝተን ለአንድ ሳምንት የምበላውን መዘንኩ፣ ባለቤቴ ስትስቅብኝ ከረመች።

ባለፈው ቅዳሜ ጓደኞቼ ሥጋ ቤት ይዘውኝ ሄዱ። እነሱ ጎድንና ሻኛ በኪሎ አዘዙ፣ እኔ ወደ ቆራጩ ጠጋ ብዬ ሩብ ኪሎ፣ ደረቅ ጥብስ፣ ከሽንጡ፣ ጮማው ይውጣልኝ አልኩት። ሰውዬው ቢላውን በሞረዱ እየሳለ ቀና ብሎ አየኝ።

"አለቃ፣ ሩብ የምንሸጠው ለድመት ነው'ኮ።"

"እሷም ሪህ አለባት" አልኩት። መዘነልኝ።