ውሃውን ለማን ላካችሁት?

እንጀራዬ መንገድ ሥራ ነው። ሰርቬየር ነኝ። ሳምንቱን ሙሉ ቶታል ስቴሽን የሚባለውን መለኪያ ተክዬ ከፍታና ዝቅታ ስለካ እውላለሁ፣ እሁድ ደግሞ ሞተሬን አስነስቼ ከሱሉልታ በላይ ያለውን ዳገት እወጣለሁ። የሞተረኞች ክለባችን «የትሬል ኃላፊ» ያደረገኝም በዚሁ ሙያዬ ነው። ሹመቱ ደሞዝ የለውም፣ ዲጂኖ ግን አለው።

ትሬል ስል የራሳችን ነገር እንዳይመስላችሁ። ከብት የሚወርድበት፣ አህያ ተጭና የምታልፍበት፣ እናቶች ጭራሮና የባህር ዛፍ ቅጠል ተሸክመው የሚመለሱበት መንገድ ነው። እኛ በጥርሳም ጎማ መጣንበት። ዳገት ላይ ነዳጅ ሲሰጠው የኋላ ጎማ ባለበት ይሽከረከርና አፈሩን ይፍቃል፣ ጣት የምታህል ቦይ ጥሎ ይሄዳል፣ ክረምት ሲገባ ውሃው በእሷ ይወርዳል፣ መስከረም ላይ ስትመለስ ጉልበትህን የሚውጥ ቦረቦር ሆና ትጠብቅሃለች። በጎ ፈቃድ እንለዋለን እንጂ ያፈረስነውን መጠገን ነው።

ሌላም ምክንያት ነበረን። በ2011 ክረምት አዲስ አበባ ላይ የሞተር እገዳ ከመጣ ወዲህ ሞተረኛ ሲያይ ቦርሳውን ደረቱ ላይ የሚያቅፈው ሰው በዛ። ስማችንን ማደስ ፈለግን። ደብተር አከፋፈልን፣ ችግኝ ተከልን፣ ቲሸርት አሳተምን። ስለ ቲሸርቱ ቀለም ብቻ ሦስት ጊዜ ተሰብስበናል። ስለ ውሃው ማንም አላነሳም። ለእኔ ተተወ።

ግንቦት ላይ፣ ዝናቡ ሳይጠነክር፣ አሥራ አራት ሆነን ወጣንና የጎርፍ መቀልበሻ ቆፈርን። መንገዱን በሰያፍ ታቋርጠዋለህ፣ የቆፈርከውን አፈር በታች በኩል ትደለድለዋለህ፣ እዚያ ላይ ግንድ ወይም ድንጋይ ትቀብራለህ። ውሃው ጉልበት ሳያበጅ ከመንገድ ይወጣል። አግድም ቀጥ ካደረግከው ደለል ይደፍነዋል፣ ቁልቁል ካበዛህበት ራሱ ቦረቦር ይሆናል። ዘጠኝ ሠራን። አሁንም እላለሁ፣ ቆንጆ ነበሩ።

ሐምሌ ላይ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲያወርደው ባደረ ማግስት፣ ሥራዬን ለማየት ወጣሁ። መንገዱ ምንም አልሆነም። ስልኬን አውጥቼ ፎቶ በማንሳት ላይ እያለሁ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ሱሪያቸውን ቦት ጫማ ውስጥ ከተው መጡ።

«አካም ቡልተን አባባ» አልኩ ያለችኝን ኦሮምኛ አውጥቼ። እሳቸው ከኔ በተሻለ አማርኛ መለሱልኝ።

«ደህና አደርን። ይቺን ቦይ የቆፈራችሁት እናንተ ናችሁ?»

ሊመርቁኝ መስሎኛል። በልቤ «ምን አደረግን አባባ፣ ግዴታችን ነው» የምትለዋን እያዘጋጀሁ «አዎ፣ እኛ ነን» አልኩ።

«ጎበዞች። መንገዱ ዳነ። ውሃውን ግን ለማን ላካችሁት?»

አሁን ሳስበው ምነው ዝም ባልኩ የሚያሰኘኝ እዚህ ጋ ነው። እንጦጦ የሁለት ተፋሰስ ድንበር ነው፣ በከተማው በኩል የወረደ ውሃ ወደ አዋሽ፣ በሱሉልታ በኩል የወረደው በሙገር አድርጎ ወደ አባይ ይሄዳል። ይህን አውቃለሁ። ማወቄንም እንዲያውቁልኝ ፈለግኩ መሰለኝ።

«ወደ አባይ ነው የሚሄደው አባባ» አልኳቸው። ፈገግ ብዬ ነው ደግሞ!

አዩኝ። ረጅም ጊዜ አዩኝ።

«አባይ ሳይደርስ እኔ ጋ አደረ» አሉ።

ተከትያቸው ወረድኩ። የሰባተኛው መቀልበሻ አፍ በቀጥታ ገብሳቸው ላይ ነበር የተከፈተው። ሰኔ ላይ የተዘራ፣ ገና ስንዝር ያልሞላ ቡቃያ። ውሃው መሀል ለመሀል ሁለት እርምጃ ስፋት ጠርጎታል። ዳር ላይ የቀረው ቡቃያ ሥሩ ታጥቦ ነጭ ክር መስሎ ተንጠልጥሏል። የራሳቸው ፈሰስ ነበረ፣ በማረሻ ያወጡት፣ ለማሳቸው ውሃ የሚበቃ። የዳገቱን ሁሉ ውሃ ጠቅልሎ የሚልክ የትሬል ኃላፊ ይመጣል ብለው አላሰቡም።

ይቅርታ ማለት ነበረብኝ። «አባባ፣ እኔ እኮ የመንገድ ባለሙያ ነኝ፣ እናስተካክለዋለን» አልኩ። ለምን ሙያዬን እንዳስቀደምኩ እስካሁን አይገባኝም።

«እንዲያ ነው?» አሉና ወደ ቤት ገቡ። ሲመለሱ በቢላ ምልክት የተደረገባቸው ሁለት እንጨቶች፣ 10 ሜትር ሲባጎና ጣት የምታህል ውሃ ልክ ይዘዋል። ለካ ጥር ጥር በሚደረገው የአፈርና ውሃ ጥበቃ ዘመቻ የእርከን መስመር የሚያወጡት እሳቸው ኖረዋል። አንዱን እንጨት አስጨበጡኝ። በ10 ሜትር 10 ሳንቲም ብቻ እንዲወርድ ነው የሚፈልጉት፣ ከዚያ ከበለጠ አፈር ይቆርጣል።

«ውረድ። ትንሽ። ኧረ በዛ፣ ተመለስ። እንጨቱን አታጋድለው እንጂ ልጄ፣ ባለሙያ አይደለህ?»

የመሥሪያ ቤቴ መሣሪያ ከሞተሬ በላይ ያወጣል። እኔ ጭቃ ውስጥ ቆሜ እንጨት ይዣለሁ። ጎረቤት ሁለት ጎረምሶች ጠርተው እስከ ቀትር ቆፈርንና ውሃውን ሣር ወደያዘ ሸለቆ መለስነው። ለዘሩ ካሳ ብዬ ከኪሴ ሰጠሁ፣ ክለቡ ይተካልሃል ተብዬ እየጠበቅሁ ነው።

በሚቀጥለው ስብሰባ ፎቶው ግድግዳ ላይ በርቶ «ክለባችን ከአካባቢው ማኅበረሰብ ጋር በመመካከር ያከናወነው» ተብሎ ቀረበ። ተጨበጨበ። ያቀረበውን ሰው ስም አልጠራም። ፎቶው ውስጥ የለም፣ ቲሸርቱም እስከ ዛሬ ጭቃ አላየም።

ከዚያ ወዲህ ዲጂኖ ከማንሳቴ በፊት ውሃው እስከሚያርፍበት በእግሬ እወርዳለሁ። እሁድ እሁድ ማለቴ ነው። በሥራ ቀን አፉን የሰው ማሳ ላይ የከፈተ ስንት ካልቨርት፣ ውሃ ከመንገድ ሥር የሚያሳልፍ ቱቦ፣ ለክቼ «በዲዛይኑ መሠረት» ብዬ እንደፈረምኩ ባልቆጥር ይሻለኛል።

ባለፈው ሐምሌ ደግሞ እዚያው ዳገት ላይ ወጥቼ ሞተሬን አቆምኩ። ትሬሉ መሀል ለመሀል ተቦርቡሯል። ውሃው ከየት እንደመጣ ተከትዬ ስሄድ ከሽማግሌው ጓሮ የሚነሳ አዲስ ቦይ አገኘሁ፣ ጥርት ያለ፣ በ10 ሜትር 10 ሳንቲም፣ አፉን መንገዳችን ላይ የከፈተ። ደጃቸው ሄጄ ተጣራሁ።

«አባባ፣ ውሃውን ለማን ላኩት?»

ሳቁ።

«ለእናንተ ነዋ። እናንተ ዲጂኖ አላችሁ።»